ፍሙ ሳይደፋ አሜን አይባልም

ለማከብርህና ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን አለህ? እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ያቺ የአያታችንን የእምዬን ስም የወረሰች ልጃችሁስ እንደምን ናቸው? ወገብህንስ እንዴት አደረገህ? የሕሙማን አልጋ በየኮሪደሩ ስትገፋ ውለህ ማታ ጫማህን ለማውለቅ መታጠፍ ያቅተኛል ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ፣ እኔም እዚህ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ያንተን ወገብ አስባለሁ። ሳሉስ ለቀቀህ? ልጅቷስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። እምዬን ከሸኘናት ይኸው አምስተኛ ሳምንታችን ነው። እንበላለን፣ እንሠራለን፣ አንዳንዴም ሳናስበው እንስቃለን። ቤቱ ግን እሷን ማጣቱን አልረሳም፤ በሩ እንኳ እሷ ስትከፍተው ይጮኽ እንደነበረው አይጮኽም።

ይህ ወረቀት ስድስተኛው ነው። አምስቱን ቀድጄ ጥያለሁ። አንዱን የጀመርኩት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው፣ አንዱን አውቶቡስ ስጠብቅ ጉልበቴ ላይ፣ ይህንን ደግሞ በምሳ ሰዓት የስፌት መኪናዬ ላይ። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ። ውሃ ልጠጣ ብዬ እሄዳለሁ፣ ሳልጠጣ እመለሳለሁ። ጽሕፈቴ አንዴ ቢወፍር አንዴ ቢቀጥን እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ስለጻፍኩት ነውና አትፍረድብኝ።

ነገሩ የመጣው ከአንተው ደብዳቤ ነው። የእምዬን የሕይወት ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፈሽ፣ በወሩ መጨረሻ በሚደረገው የመታሰቢያ ጸሎት ላይ ካህኑ እንዲያነቡት አድርጊ ብለኸኛል። አብረሻት ስለኖርሽ ከማንም ይበልጥ ታውቂያታለሽ ብለሃል። እውነትህን ነው፣ አውቃታለሁ። ከሥር ግን በሌላ ቀለም አንዲት መስመር ጨምረሃል፤ የእኔን ስም ከታሪኳ ውስጥ አታስገቢ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያሳፈርኳት እኔ ነኝ የምትል። ያቺን መስመር ካነበብኩ ጀምሮ መቀመጫዬ እሾህ ሆኗል።

ባለፈው ማክሰኞ ስፌት ቤት የሦስት የተማሪ ሸሚዝ ግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ሰፋሁ። አለቃችን፣ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ አለቃ ሜትር የምንለው፣ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየውና፣ ይህን የሚለብስ ተማሪ ትምህርት ቤት የሚሄደው ወደ ኋላ እየተራመደ ነው አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ የምትሰፋዋ፣ አፏ ስለማይዘጋ ራዲዮ ያልናት፣ በዚህ ዕድሜሽ ፍቅር ያዘሽ እንዴ ብላ ጮኸች። እኔም ሳቅሁላቸው። ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም።

እሺ፣ ታሪኳን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያው ቀላል ነበር። በልጅነቷ አባቷን ቀበረች፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ ባሏን፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ አንዲት ሴት ልጇን፣ እናታችንን። አንተ የዘጠኝ፣ እኔ የሦስት ዓመት ልጆች ሆነን እጇ ላይ ወደቅን። ፊደል አልቆጠረችም፤ ጸሎቷን ግን በቃሏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትወጣው ነበር። በስብከት ሰዓት እንደምታንቀላፋ አገር ያውቃል። ስንነካት ግን ዓይኔን የጨፈንኩት ልቤ እንዳይበተን ነው እያለች ትቆጣን ነበር። ለጎረቤታችን ስትጸልይማ ትዝ ይልሃል? ጌታዬ ሆይ፣ የዚህችን ሴት አንደበት ብቻ አሳርፍልኝ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተውላት ትል ነበር፤ ያውም ሴትየዋ በግድግዳው ወዲያ እየሰማች።

የትምህርት ቤት ጫማህን በር ላይ ለቆመ ምስኪን የሰጠችበትንም ጻፍኩ። በባዶ እግርህ ቆመህ ስታለቅስ፣ አንተ ሌላ ጥንድ አለህ፣ እሱ ምን አለው ብላህ ነበር። ያ ሌላው ጥንድ የአጎታችን መሆኑ የታወቀው እሳቸው ማታ ጫማቸውን ሲፈልጉ ነው። ይህን ስጽፍ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥዬ ስለ ካውያዋ መጻፍ ጀመርኩና ብዕሬ ቆመ።

ካውያዋን ያላስገባ ታሪክ የእምዬ ታሪክ አይሆንም። የመዘምራኑን ልብስ ማጠብና መተኮስ የእሷ አገልግሎት ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ነጭ ቀሚስ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በነበረችው የጣውላ ክፍል ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ያንን የከሰል ካውያ ትገፋለች። ሰዓት አታይም፣ የምትለካው በጸሎት ነው። ለአንድ እጅጌ አንድ አባታችን ሆይ፣ ለጀርባው ሁለት፣ ለአንገትጌው ግማሽ። ከዚያ ካለፈ ጨርቁ ያራል፣ ካነሰ መጨማደዱ አይለቅም። የመጨረሻውን ጸሎት ግን እዚያው አትዘጋውም። ካውያውን አንጠልጥላ ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ፍሙን ድንጋዩ ላይ ትደፋለች፣ ውሃ ትረጭበታለች፣ ጭሱ ሲያቆም ያን ጊዜ አሜን ትላለች። እኔን መተኮስ ስታስተምረኝ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ ይህንኑ ነው፤ ፍሙ ሳይደፋ አሜን አይባልም።

አምስቱንም ወረቀት የቀደድኩት እዚህ ላይ ስደርስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እሳቱ ነውና። ወንድም ጋሼ፣ ቆመህ ከሆነ የምታነበው እባክህ ተቀመጥ። እሳቱን ያስነሳኸው አንተ አይደለህም። ሲጋራህም አይደለም። እኔ ነኝ።

ያን ቀን እምዬ የታመመች ጎረቤት ልትጠይቅ ስትወጣ የቀሩትን ሦስት ቀሚሶች እንድተኩስ ለእኔ ተወችልኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመጨረሻውን እጅጌ እየተኮስኩ ሳለ ጓደኞቼ ገመድ ልንዘል ነው፣ ነይ ብለው ጠሩኝ። እዚያው አሜን አልኩና ካውያውን ከነፍሙ ብርድ ልብሱ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። አንተ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከክፍሏ ጀርባ ሲጋራህን አጭሰህ ቁራጩን ጥለሃል፤ ደወል ደዋዩም አይቶሃል። ክፍሏ ከነቀሚሶቹ አመድ ስትሆን ሰው ሁሉ ሌላ ምክንያት አልፈለገም። አንተም ራስህ አልፈለግህም።

ካውያውን ከአመዱ ውስጥ ቀድማ ያገኘችው እምዬ ናት። በፎጣ ጠቅልላ ቤት አመጣችው፣ በአሸዋ ፈግፍጋ ከአልጋዋ ሥር አኖረችው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት፣ እሷም አየችኝ። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በነጋታው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጠይቋት፣ ያቺ በሕይወቷ ምላ የማታውቅ ሴት፣ እጇን መጽሐፉ ላይ አድርጋ፣ ፍሙን ራሴ ደፍቼ ካውያውን ወደ ቤቴ ወስጄዋለሁ ብላ ማለች። አጎታችን በሰው ሁሉ ፊት በጥፊ መቱህ። እኔ ከእምዬ ቀሚስ ኋላ ቆሜ ነበር። አፌን ብከፍት ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነበር። አልከፈትኩም።

እምዬ ለምን እንዲያ እንዳደረገች የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ አየሁ፣ ይህቺ ትሰበራለች፣ ወንዱ ይችለዋል፣ የአንድ ሳምንት ቁጣ ነው ብዬ ነበር አለችኝ። አንተ ግን ሳምንቱን አልጠበቅህም፣ በሦስተኛው ቀን ከቤት ወጥተህ ሄድክ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ የወጋሁት ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልረሳሁትም። የከሰል ካውያ ቀርቶ የኤሌክትሪኩን እንኳ እስከ ዛሬ በእጄ አልይዝም። የባለቤቴን ሸሚዝ የሚተኩሰው ራሱ ነው፤ ሰው ሰነፍ ሚስት አገባ ይለዋል።

አሁን ደግሞ ከእሳቱ የባሰውን ልንገርህ። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ከአራት ዓመት በኋላ ሲመጣ እምዬ ወረቀቱን ስማ፣ ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ወዲያው ብዕር አምጪ አለችኝ። ጻፊ አለች፤ እሳቱ የሲጋራህ አይደለም፣ ካውያውን የረሳሁት እኔ ነኝ፣ በሐሰት የማልኩትም እኔ ነኝ፣ ልጄ ሆይ ይቅር በለኝ ብለሽ ጻፊ። ልብ አድርግ፤ እዚያም ላይ የእኔን ስም አላነሳችም፣ ጥፋቱን ሁሉ ራሷ ላይ ጫነችው። እኔ ግን አንተን አውቅሃለሁ። እምዬ ካውያ እንደማትረሳ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያንን ካነበብክ ማን እንደረሳው ወዲያው ይገባሃል። ስለዚህ አልጻፍኩትም። ዝናቡ ጥሩ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ እምዬ ደህና ናት ብዬ ጻፍኩ። አንብቢልኝ ስትለኝ ደግሞ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ የእሷኑ ቃል መልሼ አነበብኩላት።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር፣ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ስለዚያ ነገር ምን ይላል ትለኝ ነበር። ምንም አላለም እላታለሁ። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ እውነት ነበር። አንተ ደግሞ በየዓመቱ ለመዘምራኑ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ትልካለህ። የምሰፋው እኔ ነኝ። በእኔ ጥፋት አንተ ጨርቅ ትልካለህ፣ እኔ ምስጋና እቀበላለሁ፣ እሷ ስፌቱን በጣቷ ትዳስሳለች።

በመድኃኒት ቤቱ ስልክ የደወልክበትን ቀን አስታውስ። ሰፈሩ ሁሉ ተኮልኩሎ ሲሰማ እምዬ የጠየቀችህ፣ ደብዳቤዬ ደርሶሃል ወይ፣ ያልኩህንስ አነበብከው ወይ ብላ ነው። አንተም አዎ፣ አንብቤዋለሁ አልካት፤ ቀጥለህም ጣሪያውን አሠራችሁት ወይ ብለህ ጠየቅህ። የእኔ ደብዳቤ ስለ ጣሪያ ብቻ ነበራ! መነጋገሪያውን ለባለ መድኃኒት ቤቱ መልሳ እስከ ቤታችን በር ድረስ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። በሩ ጋ ስንደርስ፣ ልጁ ተቀይሞኛል፣ እውነት አለው አለች። ያን ጊዜም አፌን አልከፈትኩም።

ቅዱስ ቁርባን ሳትቀበል ሃያ ሁለት ዓመት መኖሯን ታውቃለህ? አታውቅም፣ ማን ይንገርህ። ሌላው ሲሰለፍ እሷ ከኋላ ቆማ የሰው ሕፃን ትይዛለች። ሰው ትሕትና ነው ይላል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ሰባኪው በጉባኤ መካከል እሷን ምሳሌ አድርጎ አመሰገናት። ስንወጣ ክንዴን ቆንጥጣ፣ ይህ ሰው ስለማያውቀው ነገር ለምን ይዘባርቃል አለችኝ። ካህኑ ለኑዛዜሽ እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል ቢሏት፣ እሱስ ይቅር ብሎኛል፣ የቀረው ልጁ ነው፣ ከተቀየመኝ ሰው ሳልታረቅ ወደ ማዕዱ እንዴት እቀርባለሁ አለቻቸው። ያንተን አንዲት ቃል ትጠብቅ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። ቃሏ ላንተ እንዳትደርስ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያንተም መልስ እንዳይመጣ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

እሷ በሕይወት ሳለች የመጨረሻው ደብዳቤህ የደረሰው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው። እምዬ ከአልጋ ከወደቀች አሥረኛ ቀኗ ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግሯ ላይ አርፋለች። ስለ ልጅህ ጥርስ፣ ስለ ወገብህ ያልከውን አነበብኩላት። ሲያልቅ እንደ ወትሮዋ፣ ስለዚያ ነገር ምን ይላል አለችኝ። ድምፅዋ ከሹክሹክታ አይሻልም። ወረቀቱን አየሁት፤ አንተ ሰላም ብለህ ጨርሰሃል። እኔ ግን ከባዶው ቦታ ላይ አነበብኩላት። ይላል እንጂ፣ እምዬ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ድሮም አልተቀየምኩሽም ይላል አልኳት።

ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። የሰማችውን ቃል ምን ያህል እንደምትይዝ ታውቃለህ፤ ቅድም ይቅርታው ነበር የቀደመው፣ አሁን አለመቀየሙ ቀደመ፣ ምነው አለችኝ። እንባዬ መስመሩን አሳስቶኝ ነው አልኳት። ረጅም ጊዜ ፊቴን አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ዳሰሰችና፣ ካህኑን ጥሪልኝ አለች። በዚያው ቀን ተቀበለች። ፊቷ እንዴት እንደበራ ልነግርህ አልችልም። ቅዳሜ ጠዋት አረፈች።

እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። አምናኝ ነው የተቀበለችው? ወይስ ውሸቴን አውቃ፣ እንደዚያ እንደ ካውያው ቀን ለእኔ አዝና ዝም አለች? እየሰፋሁ ይህን አስባለሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ ይህን አስባለሁ፣ ልጆቼን እያጠብኩ ይህን አስባለሁ። መልሱን ይዛው ሄዳለች። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያልተናገርከውን ቃል በአንተ ስም ተናግሬ እሷን ወደ ማዕዱ ልኬያታለሁ።

ከትናንት ወዲያ ለአጎታችን ሁሉንም ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን እያሽከረከሩ ሰሙኝ፣ የደበቅሽው ሌላ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ የለም ስላቸው ተነሥተው ወጡ። ዛሬ ማለዳ ግን ሥራ ሳልገባ ከበራችን ቆመው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቀልቷል። በዚህ እጄ ነው የመታሁት፣ ጻፊለት፣ ይህ እጅ ከዚያ ቀን ወዲህ አርፎ አያውቅም በይልኝ አሉኝ። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ የሰው ቃል አልለውጥም።

ታሪኳንም ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ሦስት ገጽ ሆነ። ካህኑ እንዲያነቡት አልሰጥም፣ እኔው ቆሜ አነበዋለሁ። ካውያው አለበት፣ ገመድ ዝላዩ አለበት፣ መሐላዋም አለበት፤ ቅድስት ነበረች ለማለት መዋሸት አያስፈልገኝም። ያንተን ስም ከመጀመሪያው መስመር ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ያላቃጠለውን ተሸክሞ የሄደ የልጅ ልጇ ብዬ። ራዲዮ ከሁሉ ፊት እቀመጣለሁ ብላለች፤ እግሬ ከከዳኝ ደግፋ እንድታቆመኝ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ግን ሲያድር ሰው ቀበረ። ስለዚህ ለራሴ ይቅርታ አልጠይቅህም። ቂምህን ያዝብኝ፣ ልክ ነው። ከእንግዲህ ለዚህች እህቴ ደብዳቤ አልጽፍላትም ካልክም ልክ ነህ። ለእሷ ግን አንዲት መስመር ጻፍላት። ሐሙስ ቀን ያነበብኩላትን ቃል በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፣ ውሸቴን እውነት አድርግልኝ። መቃብሯ ላይ ወስጄ፣ በዚህኛው ጊዜ የተጻፈውን ብቻ አነብላታለሁ። የማትችል ከሆነም አልችልም ብለህ ጻፍ፤ እሱንም እንዳለ አነብላታለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ባልሽ ሃያ ሁለት ዓመት የእኔን ሸክም ተሸክሞ ወገቡ ቢታመም አይገርምም በላት። የእምዬን ሞክሼ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ባለቤቴ፣ ቧንቧ ሠሪው፣ ሰላም ብሎሃል፤ እሱም ሁሉን የሰማው በዚህ ሳምንት ነው፣ ሸሚዞቹን ለምን ራሱ እንደሚተኩስ አሁን ገባው። ሁለቱ ልጆቼ ስላንተ፣ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ። አጎታችን፣ ራዲዮ፣ አለቃ ሜትርም ሳይቀሩ ሰላም ብለውሃል።

ካውያዋ አሁንም ከአልጋዋ ሥር ናት፤ ትናንት አወጣኋትና አቧራዋን ጠረግሁላት። ደብዳቤ በአሜን ይዘጋል፤ እኔ ግን ይህን በአሜን አልዘጋውም። አንድ ጊዜ ፍሙ ሳይደፋ አሜን ብዬ የሆነውን አይተናል። አሜኑን ካንተ እጠብቃለሁ።

ታናሽ እህትህ

ከእምዬ ቤት፣ በመስኮቱ ሥር
ጥቅምት ፲፩ ቀን